የማንጋታዪ ቅርጫት

ማንጋታዪን ያገኘናት ረቡዕ ጠዋት ነው። የከሰል ኃይል ማመንጫው የአመድ ቱቦ ከድልድዩ ሥር በሚያልፍበት፣ ሥራቸውን ውሃ ውስጥ በተከሉት ቁጥቋጦዎች መካከል፣ ግንባሯን ጭቃ ውስጥ ቀብራ ተደፍታለች። ውሃው ሸሽቶ ትቷታል። ጀርባዋ ላይ አመዱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቅርጫት በግራ እጇ አንጓ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሽሪምፕ ሞልቶበታል።

ሰዉ ሁሉ «ሰጠመች» አለ።

«ማን? ማንጋታዪ?» አልኩ። «ወገብ በማይደርስ ውሃ? ዓሣ ሰጠመ በሉኛ!»

እኔ ኩፓማል እባላለሁ። በእኛ አፍ ጥራጊ ማለት ነው። ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ስለሞቱባት፣ እናቴ እኔ ስወለድ ቆሻሻ ክምር ላይ አንከባልላ ይህን ስም አወጣችልኝ፤ ሞት ተጸይፎ እንዲያልፈኝ። አለፈኝ። ሰባ ሦስት ዓመትሽ ነው ይሉኛል፤ የቆጠሩት እነሱ ናቸው። ፊደል አላውቅም። ግን እዚህ ኤኖር ውስጥ፣ ከወደቡ ክሬን እስከ ጨው ማሳው ድረስ፣ ይህን ወሽመጥ እንደ እኔ የሚያነብ ካለ ይምጣና ፊቴ ይቁም። ዋሽቼም አላውቅም። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሳልናገረው የዋልኩበት ቀን የለማ።

ማንጋታዪን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ በወለደቻት በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ልጄ አላሜሉ ያኔ የሦስት ወር ነበረች። አንዱን ጡቴን ለአንዷ፣ ሌላውን ለሌላዋ ሰጥቼ በአንድ ጨርቅ አሳደግኳቸው። ሥራውንም አብረው ነው የተማሩት።

እኛ ኢሩላዎች መረብም ጀልባም የለንም። ውሃው ሲሸሽ እንገባና በጉልበታችን እየዳህን፣ ጭቃውን በሁለት እጃችን እየዳበስን ሽሪምፕ እንለቅማለን። ሁለቱም እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራውን ቅርጫት በገመዱ ነክሰን በጥርሳችን እንይዛለን። ዓሣ አጥማጆቹ «ውሾቹ መጡ» ይሉናል። ይበሉ። ውሻ ያገኘውን እነሱ በመረብ አያገኙትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለጉዳዩ ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ ስም አይጠራም። ስም ከጠራህ ውሃው ስሙን ይይዘዋል ይባላል። የማመንጫው የፈረቃ ጡሩምባ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሲነፋ እያንዳንዷ ቀና ብላ ትወጣለች፤ ወደ ኋላ አታይም፣ «እገሊት ቀረሽ» አትልም። ስለዚህ ማክሰኞ አምስት ሴቶች ገብተው ስንት እንደወጡ የሚያውቅ አልነበረም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ ፖንማላር የምትባል ወጣት ኮንስታብል ቅርጫቱን ከእጇ ፈትታ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሰረችው። እኔ ቅርጫት አላየሁም። የማየው የማንጋታዪን ፊት ነበር። አፍንጫዋ ውስጥ አመድ ሞልቶ ነበር፤ በሳሪዬ ጫፍ ጠረግኩት።

የዚያኑ ቀን ኒም ዛፉ ሥር፣ በአማልክታችን በሰባቱ ደናግል ፊት ቆምኩ። የምንምልበትን ካፉር በሳህን ለኮስኩ። ሳህኑን የያዘችልኝ አላሜሉ ነበረች፤ እሳቱ እጇ ላይ ይወዛወዝ ነበር። እኔም በሴቶቹ ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ ማልኩ፦

«ይህን ያደረገውን ሰው ፊት ለፊት ሳላይ እግሬ ውሃ አይነካም! እናንተ ደናግል፣ ስሙት!»

አላሜሉ አለቀሰች። እኔ ለእህቷ መስሎኝ።

*

ኢንስፔክተሩ ዴቫሳሃያም ይባላል። ከደቡብ ጫፍ የመጣ አጭር ሰው ነው፤ ጆሮው ትልቅ። ከሱ በፊት የነበረው መኮንን ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ብሎ ከድልድዩ ላይ በስልኩ ፎቶ የሚያነሳ ነበር። ይኸኛው ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ገባ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ጭቃ ላይ አረማመድ ያውቃል።

በማግስቱ ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ሐኪሙ ማጅራቷ ላይ የጣት ምልክት አግኝቷል። አንድ ሰው ወደ ታች ይዟታል።»

«ሐኪም ሳያይ ነግሬህ ነበር።»

«ነግረውኛል። ማን ይጠላት ነበር?»

«ስንት ገጽ ወረቀት ይዘሃል?»

ሳቅ አላለም። ለዚህም ወደድኩት። የሴቶች ማኅበራችን መሪ ማንጋታዪ ነበረች። ቱቦው እየፈሰሰ ወሽመጡን አመድ ሲሞላው ለየቢሮው ስሞታ የምታስገባው እሷ ናት። የቱቦው ዘበኛ ታኒካቻላም ባለፈው ወር «ሁለተኛ እዚህ ፎቶ ስታነሺ ካየሁሽ ከአመዱ ጋር እቀላቅልሻለሁ» ብሏታል። ይህን ነገርኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላው ዓሣ አጥማጁ ቪራባሁ ነው፤ ከማዶ መንደር። መረቤ ሥር ዓሣውን አስደነበራችሁብኝ ብሎ ሰኞ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እጅሽን እሰብረዋለሁ አላት።»

«ማክሰኞ ሞተች።»

«መቁጠር ትችላለህ።»

ይህን ጊዜ የልጅ ልጄ፣ የአላሜሉ ልጅ ሴንጋኒ ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ አቅፋ አለፈች። ባሕሩ ወጥቶ ሰዉን የበላ ዓመት የመጣች ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ ስምንት ሞልቷት ነበር። የነርስ ትምህርት ቤት ደርሷታል፤ ግን ወንበሩ ለነገዳችን የተመደበ ነውና ኢሩላ ለመሆኗ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ካላመጣች ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። ባለሥልጣኑ መንደራችን መጥቶ ምስክር ጠይቆ ሊፈርም ቀጠሮ ይዞ ነበር። ምስክሯ የማኅበሩ መሪ ነበረች። ማንጋታዪ።

«አያቴ፣ አሁን ማን ይመሰክርልኛል?» አለችኝ፤ ዓይኗ አብጧል።

«መጀመሪያ እንቅበራት፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አልኳት። ክፉ አፍ ነው ያለኝ።

*

ታኒካቻላምን ዘበኛ ቤቱ ውስጥ አገኘነው። «አገኘነው» የምለው እኔም ስለሄድኩ ነው። ኢንስፔክተሩ «እርስዎ ይቅሩ» ብሎኝ ነበር፤ መንገዱ የእሱ አይደለም።

ዘበኛው አንድ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ወንበር ላይ ዘርግቶታል።

«አዎ ዝቼባታለሁ» አለ። «ጌታዬ፣ እኔ የምዝተው ለመኖር ነው። ካልዛትኩ አለቃዬ ያባርረኛል። ከዛትኩ እነዚህ ሴትዮዎች ይሰድቡኛል። ይቺ አሮጊት ብቻዋን ስንት ስም አውጥታልኛለች!»

«ሁሉም ልክህ ናቸው» አልኩት።

«ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እግሬን እያስጠቀለልኩ። ሙቅ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ውስጥ ገብቼ ተቃጠልኩ። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ስጮህ ነበር፤ ነርሷን ጠይቋት።»

ፖንማላር ሄዳ ጠየቀች። ነርሷ ብቻ ሳትሆን ወረፋ ላይ የነበሩት ሁሉ ጩኸቱን ያስታውሳሉ። ሰውየው በአንድ እግሩ ጭቃው ውስጥ ሊራመድ አይችልም። ተውነው። ስንወጣ ከኋላዬ፦

«እማማ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ማንጋታዪ አንድ ቀን ውሃ አጠጥታኛለች።»



*

ቪራባሁን ሐሙስ ከሰዓት አሰሩት። ማክሰኞ የት እንደነበር ቁርጡን አልናገር አለ። «ቤቴ ነበርኩ» ይላል፤ ሚስቱ «አልነበረም» ትላለች። «ገበያ ነበርኩ» ይላል፤ ገበያው አላየውም። ዓርብ ጠዋት መንደሩ ሁሉ «ተገኘ» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ጸጉሬን አስሬ ፊቱን ለማየት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

የብረቱን በር ይዞ ቆሟል፤ ያ ሰፊ ትከሻው ወድቋል።

«አንተ አፈ ትልቅ» አልኩት። «እስቲ እኔን እየኝ።»

አላየኝም። እጁን አየሁት። የቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ሁለት ጠለቅ ያለ ቁስል፣ ሌባ ጣቱም ላይ እንዲሁ፤ ገና ሦስት ቀኑ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ይህን ሰው ሸርጣን ነክሶታል።»

«ዓሣ አጥማጅ አይደል እንዴ?»

«እንዲህ ሥጋ ቆርጦ የሚያወጣው የጭቃው ሸርጣን ነው። እሱ ያለው ከላይ፣ በጠባቡ ቦይ ብቻ ነው። ከድልድዩ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«በጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል» አለች ፖንማላር።

ወደ ቪራባሁ ዞርኩ። «ማክሰኞ ጠባቡ ቦይ የማን ተራ ነበር?»

የበሩን ብረት ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ወሽመጡ ለዓሣ አጥማጅ መንደሮች በተራ የተከፈለ ነው። ዛሬ የአንዱ ከሆነ የሌላው መረብ ቤቱ ይሰቀላል። ተራ የሰረቀ ሰው ስሙ ለሰባት ትውልድ ይበላሻል፤ ልጁን የሚያገባ አይገኝም።

«የማን ተራ ነበር? የአንተ መንደር እንዳልሆነ ውሾቹ እንኳ እናውቃለን።»

ያ ግዙፍ ሰው በብረቱ በር ላይ ተንሸራቶ ቁጢጥ አለ፤ አለቀሰ።

«እማማ፣ እግርሽ ሥር ልውደቅ» አለ። «ገዳይ ይበሉኝ። ገዳይ ሰው ነው፤ ተናዶ ነው ይባላል። የተራ ሌባ እንዳታስብሉኝ። ልጄን በሚቀጥለው ወር ልድር ነው።»

ሸርጣኑን የገዛውን ነጋዴ ሁለት መንደር አልፈው አገኙት፤ አረጋገጠ። ኢንስፔክተሩ ሰውየውን በጓሮ በር ለቀቀው፤ ምክንያቱንም ለማንም አልነገረም። እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርኩም ነበር። ቪራባሁ ሞቷል፤ ልጁም ሦስት ወልዳለች።

ግን ያን ቀን ከጣቢያው ባዶ እጄን ወጣሁ። ፊቱን አየሁት፤ የገዳይ ፊት አልነበረም። የጠላሁትን ሰው እንኳ አጣሁት።

*

የቀሩት አብረዋት የገቡት አራት ሴቶች ናቸው። ኢንስፔክተሩ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። አራቱም አንድ ቃል፦ ጡሩምባው ነፋ፣ ወጣሁ፣ ወደ ኋላ አላየሁም። አንጃላይ ቀጥታ ወደ ቤቷ። ሁለቱ እህትማማቾች ወደ ውሃ ቦኖው። አላሜሉ ወደ ገበያ፣ ሽሪምፗን ልትሸጥ፤ ሻጮቹም አይተዋታል።

ቅዳሜ ቤታችን መጣ። አላሜሉ ያደረ የዳጉሳ አጥሚት በሽንኩርት አቀረበችለት፤ እጁን ታጥቦ በላ።

«ከማንጋታዪ ጋር አብራችሁ ነው ያደጋችሁት አሉኝ» አላት።

«አዎ ጌታዬ።»

«ማክሰኞ ተነጋግራችሁ ነበር?»

«ውሃ ውስጥ አይወራም። አፋችን ተይዟል።»

ይህን ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። ከማክሰኞ ወዲህ ውሃ አልገባችም ነበር፤ አተኮሰኝ ትላለች። እኔ ደግሞ «ሐዘን የሥራ ፈት ምግብ ነው» ብዬ እሰድባት ነበር። እንዲህ ብያታለሁ፤ አልደብቅም።

ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ የተሰቀለውን ቅርጫቴን ያይ ጀመር።

«እማማ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። እንዴት ነው የማይቀያየርባችሁ?»

እዚህ ላይ ነው አፌ የበላኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት?

«አንድ ዓይነት?» አልኩት። «ለአንተ! ገመዱን እየው። ሰው አሥር ወር የነከሰው ገመድ የጥርሱን መልክ ይይዛል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳብሼ የማንኛዋ እንደሆነ እነግርሃለሁ። የሌላ ሰው ገመድ አፍ ውስጥ ሲገባ የሌላ ሰው ባል አልጋ ላይ እንደማግኘት ነው።»

«ዓይን ጨፍነው?»

«አምጣና ፈትነኝ!»

ቅርጫቱን ከበሩ አውርዶ ገመዱን በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ «ሰኞ መኪና እልክልዎታለሁ» አለኝ።

*

ጠረጴዛው ላይ አምስት ቅርጫት ደርድሯል። አራቱን ሴቶቹ ያለ ጥያቄ ነው የሰጡት፤ አምስተኛው ገና ከረጢቱ ውስጥ ነው። ፖንማላር ከጎኑ ቆማ ትጽፋለች። ሻይ አስመጥተውልኛል፤ እንደ ዳኛ ተቀምጫለሁ። ልቤ አብጦ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

የመጀመሪያውን ዳበስኩ።

«አንጃላይ። በግራ መንጋጋዋ ነው የምትነክሰው፤ የፊቱን ባሏ አርግፎታል። እሱን ብታስሩት ጥሩ ነበር።»

ፖንማላር ሳቀች። ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ።

«እነዚህ ሁለቱ የእህትማማቾቹ ናቸው። ይቺ ቤቴል ቅጠል ታኝካለች፤ ቀዩን እይ። ታናሽየዋ ጥርሷ ሕፃን ነው፣ ገመዱን አትጎዳውም።»

አራተኛውን አነሳሁ። ቅርጫቱ አሮጌ ነው፤ ገመዱ ግን አዲስ፣ ጥርስ ያልነካው። እንግዳ ነገር ነው። ገመድ የምንቀይረው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የመከር በዓል ሲደርስ። ለበዓሉ ደግሞ ገና አራት ወር ይቀረን ነበር።

«ይህ የማን ነው?»

«የልጅዎ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አላሜሉ? ምን አድርጋው ቀየረችው?» አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት። ሳላስብ ቅርጫቱን ገለበጥኩት። የታችኛው ስፌት በስተቀኝ ይዞራል። አላሜሉ በግራ ነው የምትሰፋው። በቀኝ የምትሰፋው ማንጋታዪ ናት፤ ስትማር አንዴ ተሳስታ ያዘች፣ መትቼም አላስተውኳትም።

ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

«እና ይኸኛው» አለ ኢንስፔክተሩ፤ አምስተኛውን ከፕላስቲክ ከረጢቱ አውጥቶ ቀስ ብሎ ፊቴ አስቀመጠው። «ከሟች እጅ ላይ የተፈታው።»

ገመዱን ያዝኩ። ዳበስኩት። ሁለት የፊት ጥርስ በጥልቀት ነክሰዋል፤ ከነሱ ቀጥሎ፣ በስተቀኝ፣ ጥርስ ያልነካው ለስላሳ ቦታ አለ፤ አንድ ጥርስ የሚያህል። እንደገና ዳበስኩት። ጣቴ ቦታውን ያውቀዋል። ያ ጥርስ የወለቀው በእኔ እጅ ነው። አላሜሉ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጎረቤት ማሰሮ ሰብራ «እኔ አይደለሁም» ብላ ዋሸችኝ፤ በጭልፋ አፏን መታኋት። «የእኔ ልጅ አትዋሽም!» እያልኩ።

«እማማ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ፖንማላር ብዕሯን አቆመች። ውጭ የከሰል መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«እማማ ኩፓማል፣ የማን ነው?»

«የማንጋታዪ ነው» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ቀና ብዬ ሳየው ግን እሱም እኔን አላየኝም፤ ገመዱን ነበር የሚያየው። መልሱን ከዝምታዬ ወስዶታል። ሦስቱን ቅርጫት ወዲያው የጠራች ምላስ አምስተኛው ላይ ቃል ስታጣ ማን አይገባውም?

«ወደ ቤቴ ውሰደኝ» አልኩት። «ፊቷን አያለሁ ብዬ ምያለሁ።»

*

አላሜሉ ጓሮ ውስጥ ድስት እያጠበች ነበር። ሴንጋኒ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ወጥታለች። ኢንስፔክተሩና ፖንማላር በሩ ላይ ቀሩ። ቅርጫቱን ይዤ ፊቷ ተቀመጥኩ።

«ንከሺው» አልኳት።

አየችው። አልጮኸችም። እጇን በሳሪዋ ጠረገች፤ ገመዱን አፏ ውስጥ አስገብታ ነከሰች። ልክ ገባላት። ከዚያ አወጣችው።

«መንገድ ላይ ነው ያወቅኩት፣ እማዬ» አለች። «ሁለቱም ቅርጫት ጭቃው ላይ ነበር። ዓይኔ አመድ ሞልቶታል፣ አለቅሳለሁ። አንዱን እጇ ላይ አሰርኩላት፣ ሌላውን ነክሼ ወጣሁ። ከድልድዩ ስደርስ ምላሴ ገመዱ ላይ አረፈ፤ የእሷ ጥርስ ነው። ወደ ኋላ እንዳልመለስ የፈረቃው ሠራተኛ ድልድዩን ሞላው።»

«ለምን? ከአንድ ጡት ነው የጠባችሁት!»

«ለሴንጋኒ።»

አሁን ልናገረው ነው። ሴንጋኒ ራሷ ተናገሪው ስላለችኝ ነው። ሴንጋኒን አላሜሉ አልወለደቻትም። ባሕሩ በወጣበት ቀን፣ ውሃው ሲመለስ፣ ከጨው ማሳው አጥር ላይ ተንጠልጥላ ያገኘቻት ሕፃን ናት። የማን እንደሆነች የሚያውቅ ሁሉ ሞቷል። ያወቅን ሦስት ነን፤ አላሜሉ፣ ማንጋታዪና እኔ። ማንጋታዪ ያን ቀን የበኩር ልጇን አጥታለች። እሷ የራሷን ስትፈልግ አላሜሉ የሌላ ሰው አገኘች።

«ምስክርነቱ በካፉር ነው አሉ» አለች አላሜሉ። «እጅን እሳቱ ላይ አድርጎ፣ በደናግሉ ፊት፣ ልጅቱ ከደማችን ናት ብሎ መማል። ማንጋታዪ አልምልም አለችኝ። ‹በሐሰት ከማልኩ እሳቱ ልጄን ይወስዳል፤ አንዷን ባሕር ወስዶብኛል፣ ታማራይ ብቻ ናት የቀረችኝ› አለች። ለመንኳት። ጡሩምባው ነፍቶ ሌሎቹ ሲወጡ ያዝኳት። ‹አንዲት ቃል ናት› አልኳት። ‹አልችልም፣ ለባለሥልጣኑ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይፍረድ› ብላ ፊቷን አዞረች። ማጅራቷን ያዝኩ። ላስቆማት ነበር። ጉልበቷ ከዳት። እጄን… አላነሳሁም፣ እማዬ። ቶሎ አላነሳሁም።»

የሳሪዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ውስጡ የተጠቀለለ ገመድ ነበር፤ የማንጋታዪ ጥርስ ያለበት።

«ቆርጬ ቀየርኩት። መጣል ግን አቃተኝ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። «ምስክሯ እኔ ልሁን ለምን አላልሽኝም? እኔ እምልላት ነበር!»

አላሜሉ አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ የለም። ምላሷ ያቺን ክፍት ቦታ ስትነካት አየሁ።

«አንቺማ አትዋሺም» አለች።

*

ኢንስፔክተሩ ገባ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«በምን ተጣላችሁ?»

አላሜሉ ቀና አለች። «በቦታ። ጥሩ ቦታ ያዘችብኝ።»

ሁሉንም ሰምቷል፤ በሩ ከእኛ አራት እርምጃ ነው። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«የባሕር ነፋስ ጆሮዬን በልቶታል» አለ። «ግማሹን አልሰማሁም።» «የቦታ ጠብ» ብሎ ጻፈ።

ሲወስዷት ሴንጋኒ በመንገዱ እየመጣች ነበር፤ ወረቀቶቿን አቅፋ። እንዴት እንደጮኸች አልናገረውም።

ባለሥልጣኑ በስምንተኛው ቀን መጣ። ወፍራም ሰው ነው፤ ሙቀቱ አስጨንቆታል። የማኅበሩ መሪ በሞት ስለተለየች መንደሩ በዕድሜ ትልቋን አቀረበ። ኒም ዛፉ ሥር ካፉሩ ተለኮሰ። ሴንጋኒ ራቅ ብላ ቆማለች፤ የማንጋታዪን ታማራይ በእጇ ይዛ። ታማራይ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ የት ትሂድ?

«እማማ፣ ይቺ ልጅ ከደማችሁ ናት?» አለ ሰውየው።

መዳፌን እሳቱ ላይ ዘረጋሁ።

«ከደማችን ናት» አልኩ።

እሳቱ አልጠፋም። አልተወዛወዘም እንኳ። እስከ መጨረሻው ነድዶ አለቀ። ሰውየው ላቡን ጠርጎ ፈረመ። ከመኪናው ወርዶ ተመልሶ እስኪገባ ሻይ እንኳ አይበርድም።

ሴቶቹ «የኩፓማል ቃል!» እያሉ እጄን ሳሙ።

መሐላዬን ፈጽሜ ነበርና በማግስቱ ውሃ ገባሁ። ጥርስ የለኝም፤ ገመዱን በድዴ ነው የምይዘው። ጡሩምባው ሲነፋ ሌሎቹ ወጡ። እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ አፌን ከፈትኩ፣ ቅርጫቱ ወደቀ፤ የሁለቱንም ልጆቼን ስም እዚያው ውሃው ውስጥ ጠራሁ።